የመጥረጊያ እንጨትና ቀኝ እጄ

ባለፈው ሳምንት ልደታ ፍርድ ቤቱ ጋ ታክሲ ስጠብቅ ከኋላዬ ትንንሽ ጎማዎች አስፋልቱን ሲፍቁ ሰማሁ። ዞር ብዬ ሳላይ አወቅኋቸው፤ የስኬቲንግ ጫማ ጎማዎች ናቸው። እስከ ዛሬ ሆድ ይፍጀው ብዬ የያዝኩትን ልንገራችሁ።

የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ጌጃ ሰፈር፣ ከጎናችን፣ ስኬቲንግ አሳምራ የምትችል አንዲት ወጣት ነበረች። ሥራ ፍለጋ ሁለት ዓመት ተንከራትታለች። አንድ የስፖርት ማዕከል አሰልጣኝ ሊቀጥር ፈልጎ፣ ከዜሮ ያስተማረቻትን ልጅ እንድታቀርብ ጠየቃት፤ ልጅቷ ሳትወድቅ ከዞረች ሥራው የእሷ ነው። የመረጠችው ደግሞ ማንን መሰላችሁ? የገዛ እግሬ የሚጠልፈኝን እኔን።

መዞር ማለት በአንድ እግር ወደፊት እየተንሸራተቱ ድንገት ተገልብጦ፣ ሳይቆሙ ወደኋላ መቀጠል ነው። በጠመኔ አስፋልቱ ላይ ትልቅ ሦስት ቁጥር ጻፈችልኝና ሳምንት ሙሉ በካልሲ አስረገጠችኝ። ቀጥላ ጫማውን አሰረችልኝና የመጥረጊያ እንጨት ትከሻዬ ላይ አጋደመች፤ ሰውነቴ እንዳይዛባ እጆቼን ዘርግቼ ጫፍና ጫፉን እይዛለሁ። «ትከሻ ይቀድማል፣ ወገብ ይከተላል፣ እግር መጨረሻ ነው» ትለኛለች፣ መቶ ጊዜ። ዝናብ ያራሰው አስፋልት ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ጉልበቴ ተላላጠ፣ እናቴ ተቆጣች፣ እኔ ግን ዞርኩ። በዋዜማው እንጨቱን እንደያዝኩ ሃያ ጊዜ ዞሬ አንዴም አልወደቅኩም። እሷ ጥፍሯን ስትበላ ዋለች።

ፈተናው እሑድ ጠዋት፣ መንገዱ ለመኪና ሲዘጋ፣ ልደታ ማርያም በር ፊት ለፊት ሆነ። ከማዕከሉ የመጡ ሁለት ሰዎች ወረቀት ይዘው ቆመዋል። ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ ይሰማል፣ የጧፍ ሽታ አስፋልቱ ድረስ ይመጣል። እንጨቱን ከትከሻዬ አነሳችና ወደ ዳር ወጣች።

ተንሸራተትኩ። ትከሻዬ ቀደመ፣ ወገቤ ተከተለ፣ ዞርኩ። ጉዱ የመጣው ይሄኔ ነው። ፊቴ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ጋር ሲገጥም ቀኝ እጄ እኔን ሳያማክር ተነስቶ ግንባሬ ላይ አረፈ፣ አንገቴም ጎንበስ አለ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ በዚያ በር ሳልሳለም አልፌ አላውቅማ! እዚያው ስንለማመድ እጄን እንጨቱ ይዞልኝ ነበር፤ ነገሩ ለሁለታችንም አልታየንም። አማትቤ ሳልጨርስ ተዘረርኩ።

ከሰዎቹ አንዱ ደግ ነበር። «ግድ የለም፣ አንዴ ድገሚው፤ እንጠብቅሻለን» አለኝ። መንገደኛው ቆሞ ያየኛል፣ ልጆች ይስቃሉ። ቀና ብዬ እሷን አየኋት። ዓይኗን ሳትነቅል ትጠብቀኛለች። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ደግሜ ከምወድቅ መሞትን መረጥኩ።

«እግሬን አመመኝ» አልኩ።

ሰዎቹ ወረቀታቸውን አጥፈው ሄዱ። እሷ ተንበርክካ የጫማዬን ማሰሪያ ፈታች፣ ቁርጭምጭሚቴን በሁለት እጇ ይዛ ቀስ አድርጋ አሸችልኝ። «አይዞሽ ሚጡ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ያለ እንጨት አላለማመድኩሽም» አለችኝ።

ከዚያ ጌጃ ሰፈር ድረስ አዝላ ወሰደችኝ። ፊቷ አይታየኝም፤ ጀርባዋ ግን በለቅሶ ሲንሰቀሰቅ ይሰማኝ ነበር። ወር ሳይሞላት ዐረብ አገር ሄደች፤ ደህና ሁኚ ልትለኝ መጥታም እግሬ እንደተሻለኝ ነው የጠየቀችኝ።

ተሽሎኛል አልኳት። እግሬን እኮ ድሮውንም አላመመኝም ነበር።