በስሜ የሚጠራው ቦይ

ሰሞኑን ከቤቴ በላይ አንድ ጎረቤት ፎቅ ሊሠራ መሠረት አስቆፍሯል። የወጣውን አፈር መንገድ ዳር ቆልሎ ስለተወው፣ ትናንት ሲዘንብ ቀዩ ጭቃ ቁልቁል ወርዶ ግቢያችን ገባ። ልጄ መጥረጊያ ይዛ ስትነጫነጭ፣ እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ ማርታን አሰብኩ።

ከኮሌጅ በወጣን ዓመት ማርታና እኔ ዶዮገና አጠገብ፣ ዳገት ላይ በሚሠራ ትምህርት ቤት ፎርማን ሆነን ተቀጠርን። በአንድ ቀን ነው የገባነው። እኔ የሆሳዕና መምህር ልጅ ነኝ፤ ከምባትኛ ከሰላምታ አላልፍም። እሷ የአንጋጫ ልጅ ናት፤ ከሠራተኛው ጋር እየሳቀች ታወራለች። ከግንባታው ሳይት በታች፣ በእንሰቱ መሃል፣ የመንደሩ ምንጭ አለ።

ገና በሁለተኛው ሳምንት ማርታ የሳይቱን ኢንጂነር፣ «ክረምቱ ሳይገባ ይሄ የቆፈርነው አፈር ካልተያዘ፣ ሴቶቹ ጭቃ ነው የሚቀዱት» አለችው። ከዚያ በዳገቱ ወገብ ላይ ቦይ አስቆፈረች። ዳሩን አፈር በተሞሉ ጆንያዎች ደገፈችው፤ ጫፉ ላይም ደለሉ የሚረጋበት ጉድጓድ አበጀች።

ከዚያ ወዲያ ኢንጂነሩ ጠዋት ጠዋት፣ «እስቲ እንደ ማርታ አስቡ!» ማለት ጀመረ። ይህን ስሰማ ፊቴን አዞር ነበር። የመንደሩ ሴቶች ትኩስ ቆጮ በአይብ፣ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ያመጡላታል። እሷ ታዲያ ግማሹን ቆርሳ፣ «ብዪ እንጂ፣ አመለወርቅ» ትለኛለች። ይጣፍጥ ነበር፤ መጣፈጡም አናደደኝ።

ሰኔ እንደገባ፣ ማርታ ዕቃ ልታመጣ ሆሳዕና በሄደችበት ቀን፣ አንድ ገልባጭ መኪና ወደ ኋላ ሲመለስ ቦዩን ደረመሰው። ከሾፌሩና ከእኔ በቀር ያየ አልነበረም። ሾፌሩ ወርዶ አየት አደረገና መኪናውን አስነስቶ ሄደ። አካፋ አነሳሁ። ሁለት ሦስት ጆንያ ይበቃው ነበር። ግን የጠዋቱ «እንደ ማርታ አስቡ» ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ቦዩ የሷ አይደል? ብዬ አካፋውን መለስኩት።

ሌሊቱን ዘነበ። ጠዋት ምንጩ ደም መስሎ ነበር። ሴቶቹ ባዶ ጀሪካን ይዘው ሳይቱ በር ላይ ቆሙ። አንዲት አሮጊት በማለዳው ከሆሳዕና የተመለሰችውን ማርታን በከምባትኛ፣ በዝግታ አንድ ነገር አሏት። ምን እንዳሏት አልገባኝም፤ ማርታ ግን አለቀሰች።

«አንቺን አምኜ!» አለ ኢንጂነሩ።

«ከመሄዴ በፊት አጠንክሬው ቢሆን ኖሮ…» አለች። ሾፌሩ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ።

ሁለት ቀን ሙሉ ጭቃው ውስጥ እስከ ጉልበቷ ቆማ ምንጩን ጠረገች። ያኮረፉት ሴቶች አንድ በአንድ ወርደው ያግዟት ጀመር፤ በማግስቱ ከሰዓት ሲሳሳቁ ከላይ ሆኜ ሰማሁ። በዚያ ሳቅም ቀናሁ።

እሷን ሞርሲቶ ወዳለ ሌላ ሳይት አዛወሯት። ቦዩ ለእኔ ተሰጠኝ። ልክ እሷ እንደሠራችው አድርጌ ሠራሁት፤ ከራሴ አንድም ነገር አልጨመርኩም። ክረምቱን ሙሉ ያዘ።

አምና ለሠርግ ዶዮገና ሄጄ ነበር። የቦዩ ዳር ሣር ተተክሎበት ለምልሟል። አንድ ሽማግሌ እኔም እንድሰማ በአማርኛ ለልጅ ልጆቻቸው፣ «ይኼ እኮ የአመለወርቅ ቦይ የሚባለው ነው፤ አመለወርቅ ማለት እሷ ናት» ብለው ወደ እኔ ጠቆሙ። «የማርታ ነው» ልል አፌን ከፈትኩ። «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ።

ማርታ ዛሬ ሀደሮ ትኖራለች፤ በዓል በመጣ ቁጥር ትደውልልኛለች። አንድ ቀን እነግራታለሁ እያልኩ ስልኩን አነሳለሁ። እሷ ግን ቀድማ፣ በዚያ በማይለወጠው ደስ ባለው ድምፅዋ፣ የልጆቿን ደህንነት፣ የጓሮዋን ቡና፣ የጎረቤቶቿን ደግነት ትተርክልኛለች። እኔ፣ ይህን ሁሉ የበደልኳት፣ ሳልነግራት እሰማታለሁ፤ ደስታዋ ዛሬም ውስጤን ይቆጠቁጠኛል።