ፊቷን ያላየኋት ሴት

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ሰላም ከቡና አገሩ ከኮንጋ ይዛው የመጣችውን ባዶ ጆንያ ሳሎን ጥግ ጣለችና፣ ልጅ ሳለሁ አላይም ያልኩትን አስፈሪ ፊልም ክፍል ሁለት በላፕቶፗ ከፈተችልኝ። የጆንያው የደረቀ ቡና ሽታ ቤቱን ሲሞላው እኔ ክፍል አንድን ያየሁበት መጋዘን ውስጥ ነበርኩ።

ዲላ የነበረው ይህ የቡና መጋዘን የክፍል ጓደኛዬ የዘይነባ አባት ንብረት ነበር። ሰኔ ላይ ክረምቱ ሲገባ ቡና ስለማይኖር ቪዲዮ ቤት ይሆናል፤ እኛ ልጆች በታጠፈ ጆንያ ላይ ተደርድረን፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ግማሹን ድምፅ ሳያሰማን እንፈራ ነበር። እኔና ዘይነባ በእናቷ ወፍራም ሻርፕ ተጠቅልለን፣ ጉድጓድ ገብታ የሞተች ሴት በእርጥብ እግሯ ወደ ቤቷ ስትመለስ አየን። በመሃል ዘይነባ ሻርፑን ወደ ላይ ስትስበው ለብርዱ መስሎኝ ነበር።

ሰኞ ዕለት ክፍል ውስጥ ዘይነባ ወደ እኔ እየጠቆመች፣ እየሳቀች፣ «እሷ ደግሞ ምን አየች! የሴትዮዋ ፊት ሲመጣ ዓይኗን የሸፈንኩላት እኔ ነኝ» አለች። ሁሉም ሳቀብኝ። «ፊቷ መቼ ታየና ነው፣ አንቺ ውሸታም» አልኳትና ከዚያ ወዲያ አላናገርኳትም። እኔ የበደለኝን ቶሎ የምረሳ ሰው አይደለሁም።

ክፍል ሁለት መጥፎ አይደለም። ሟቿ የምትመለሰው ልጇን ፍለጋ መሆኑን ሲነግረኝ አንጀቴን በላችው። ግን ፊቷን ደጋግሞ ስለሚያሳየን ወዲያው ለመድኳት።

«የፊተኛው ይበልጣል» አልኳት ሰላምን፤ «ፊቷን አንዴም ሳያሳይ ነው ያስፈራን።»

«ኧረ ያሳያል፣ አክስቴ» አለችና ፈልጋ ከፈተችው። እውነትም ከመስኮቱ ጀርባ ለአንድ አፍታ ብቅ ትላለች። እንዲያ ያለ ፊት በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም፤ በዚህ ዕድሜዬም ዓይኔን በእጄ ሸፈንኩት።

ዘይነባ በክፍል ፊት መሳቋን ዛሬም ይቅር አላልኳትም። ቤተሰቧ ከዲላ ከለቀቀ ወዲህም የት እንዳለች ጠይቄ አላውቅም። ግን በተከታዩ ዓመት የካቲት ላይ፣ ቡናው ተጭኖ አልቆ ክፍል ሁለት መጋዘኑ ሲደርስ፣ በራችን ድረስ መጥታ «ነይ እንሂድ» ብላኝ ነበር። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ እሷ ያንን ወፍራም ሻርፕ ታቅፋለች። ለምን እንደያዘችው ሳልጠይቃት በሩን ዘጋሁት።