ሩብ ኪሎ የበላው ስክሪፕት

በክር ማቅለሚያው ክፍል እትዬ ሚዛንን የማያውቅ የለም። እናቷ ያወጣችላትን ስም ግን ከሠራተኞች መዝገብ በቀር የሚያስታውሰው የለም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የቀለም ዱቄት ስትመዝን ኖራለች። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው፤ ክሩ ይመዘናል፣ ለዚያ ክብደት የሚበቃው ቀለም በፐርሰንት ይሰላል፣ እሷ በጣሳ መዝና ገንዳው ውስጥ ትጨምረዋለች። ቀላል የሚሆነው ግን ለእሷ ነው። ትንሽ ከጎደለ ደማቁ ሰማያዊ አሥር ጊዜ የታጠበ ሸሚዝ መስሎ ይወጣል፤ አንዴ ከወጣ ደግሞ ጭቅጭቁ ለሳምንት ይበቃል።

አንድ ሰኞ ጠዋት አዲሱ የክፍሉ አለቃ ግድግዳው ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ። ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ የቀለም ስሌት የሚሠራው በኮምፒውተር ብቻ ነው፤ ይህን የማይችል ወደ ካርቶን ማሸጊያ ይዛወራል ይላል። የማንም ስም አልተጻፈበትም። ይሁን እንጂ በክፍሉ ውስጥ በእርሳስ የምታሰላው እሷ ብቻ ስለነበረች፣ ለማን እንደተለጠፈ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም ነበር። ካርቶን ማሸግ ነውር የለበትም። እሷ ግን ከሚዛኑ ጠረጴዛ ተነሥታ ሌላ ቦታ መቀመጥን ስታስበው ሆዷ ባባ፤ ቀጥሎ ተናደደች፤ ከዚያ እልኽ ያዛት።

ኮምፒውተሩ ከሌላ ቢሮ ተርፎ የመጣ አሮጌ ነው። ሲከፈት ከጥቁር መስኮትና ብልጭ ድርግም ከምትል ምልክት በቀር የሚያሳየው የለም። ነገሩን የሚያውቀው የፋብሪካው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር፤ ቶሎ ስለሚቃጠል ፊውዝ ይሉታል።

“ይህ ሼል ይባላል” አላት። “የጻፍሽለትን ትእዛዝ ይፈጽማል። ትእዛዞቹን በአንድ ፋይል ደርድረሽ ካስቀመጥሽ ስክሪፕት ይሆንልሻል። አንዲት ምልክት ከሳትሽ ግን አላውቅሽም ይላል።”

“ከአንተ አይብስም” አለችው።

በየቀኑ በምሳ ሰዓት ተቀመጡ። በመጀመሪያው ሳምንት ሃያ ጊዜ ሳይሳሳቱ አልቀሩም፤ እሷ በመጻፍ፣ እሱ በመቆጣት።

“በእኩል ምልክቱ ግራና ቀኝ ክፍተት አትተዪ አላልኩሽም?”

“ሲጨናነቅ አያምርማ።”

“ለሠርግ ልትልኪው ነው እንዴ? አጥብቢው።”

ቤት ስትገባ በካርቶን ላይ ኪቦርድ ሥላ በጣቷ ትነካካለች። ጡረታ የወጣው ሾፌር ባሏ ከሶፋው ላይ ሆኖ ይታዘባል።

“ሰው ገብቶ ካርቶን ስትደበድቢ ቢያይሽ ምን ልበለው?”

“ካርቶን እንዳታሽግ ነው በለው።”

ከዚያ በኋላ ባሏ አልቀለደም። ፊደሎቹ እንዲታዩዋት አጉልቶ በወፍራም እስክሪብቶ ደገመላት።

በሦስተኛው ሳምንት ስክሪፕቱ ተጠናቀቀ። አምስት መስመር ብቻ ነው፤ የክሩን ኪሎ ይጠይቃል፣ ፐርሰንቱን ይጠይቃል፣ ሁለቱን ያባዛል፣ ለመቶ ያካፍላል፣ መልሱን ያሳያል። መቶ ኪሎ ክር ለሁለት ፐርሰንት፣ ሁለት። ሁለት መቶ ኪሎ ለሦስት ፐርሰንት፣ ስድስት። ደጋግማ ሞከረችው፤ አንድም ጊዜ አልዋሸም።

በወሩ መጨረሻ አለቃው ስክሪፕቱን ሊፈትን ራሱ መጥቶ ከኋላዋ ቆመ። የዚያን ቀን የመጣው ክር ግን እንደ ወትሮው መቶ ኪሎ አልነበረም፤ ሰባ አምስት ነበር። ቁጥሩን አስገባች፤ ፐርሰንቱን ሦስት አለች። ኮምፒውተሩ ሁለት ሲል መለሰ። ሁለት ኪሎ መዝና ጣሳውን አነሣች። ገንዳው አፍ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ።

“ምነው እትዬ?” አለ አለቃው።

“ቀለለኝ።”

“ኮምፒውተሩ እኮ ሁለት ብሏል።”

“ብሏል። እጄ ግን አልተስማማም።” ጣሳውን አስቀምጣ ከሽርጧ ኪስ እርሳሷን አወጣችና ክሩ ላይ ታስሮ በመጣው ወረቀት ጀርባ አሰላች። “ሁለት ኪሎ ከሩብ ነው። ሩቡን የት አደረሰው?”

አለቃው ሰዓቱን አየ። “ውሃው ፈልቷል። እንግዲህ ካልሆነልዎት ከነገ ጀምሮ ሌላ ሰው እናስቀምጥበታለን።”

የሦስት ሳምንት ድካሟ ዓይኗ እያየ ሊፈስ ነው። እርሳሷን ኪሷ መልሳ ወደ አለቃው ዞረች።

“አሥር ደቂቃ ይስጡኝ። ውሃው ቢጠብቅ አያኮርፍም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ቀለም ደግሞ ከፈሰሰ አይለቀምም።”

ፊውዝ ተጠርቶ መጣ፤ የኮምፒውተሩን መስኮት አየና ግንባሩን መታ።

“ጥፋቱ የእኔ ነው። ይሄ ሼል ሲያካፍል ሙሉ ቁጥር እንጂ ሽርፍራፊ አያውቅም፤ ትራፊውን ይጥለዋል። ስንለማመድ ሁሌ መቶና ሁለት መቶ ስለምንል የሚጣል ነገር አልነበረም። ሽርፍራፊ የሚያውቅ ሌላ ፕሮግራም አለ፣ ነገ አምጥቼ…”

“ነገ የለኝም” አለች። ጥቂት አሰበች። “የሚጥለው ኪሎው ሙሉ ሳይሆን ሲቀር ነው አይደል? ታዲያ ሳይካፈል በፊት ግራም እናድርገው። ሁለት ኪሎ ከሩብ በግራም ሲሆን ሽርፍራፊ የለውም።”

ፊውዝ ከኮምፒውተሩ ፊት ገለል አለላት። እሷ ተቀምጣ በአንድ ጣቷ፣ ክፍተት ሳትተው፣ ከማካፈሉ በፊት በሺህ እንዲያባዛ ጻፈች። ሰባ አምስት። ሦስት። ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ።

“ጎበዝ፣ ጥሩ አድርገህ አስተካከልከው” አለ አለቃው ወደ ፊውዝ ዞሮ።

“እኔ ያስተማርኳት ስሕተቱን ነው” አለ ፊውዝ። “መላው የራሷ ነው።”

እትዬ ሚዛን በሌላ ጣሳ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ግራም መዘነች። አለቃው ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

“በእጅዎ እንዴት አወቁት?”

ሁለቱን ጣሳዎች በሁለት እጁ አስያዘችው። ከፍ ዝቅ አደረጋቸው፤ አፈራረቃቸው፤ ዓይኑን ጨፍኖ ሞከረ።

“ለእኔ ሁለቱም አንድ ናቸው” አለ።

“ሃያ ስድስት ዓመት ይፈጃል” አለችው። አንዱን ጣሳ ከእጁ ተቀብላ ገንዳው ውስጥ ገለበጠችው፤ አለቃው ሩብ የጎደለውን ጣሳ እንደያዘ ቆሞ ቀረ።