የሐጂ ግሉኮስ

ክፍሉ ቆርቆሮ ነው፤ ከጣና በኩል የሚመጣው ወበቅ አፍኖታል። ያስገባኝ ዘበኛ በሩን ሲዘጋ ከጥግ ያሉ ሽማግሌ ፍራሻቸው ላይ ቦታ ለቀውልኝ፣ "ና ልጄ፣ እንግዳ ቆሞ አያድርም" አሉኝ። የወረታ ነጋዴ ናቸው፤ እስረኛው ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል።

ከሳምንታት በኋላ አንድ ጠዋት ሆዳቸው ተነፋ። ከመታሰሬ በፊት ባሕር ዳር ሆስፒታል ውስጥ ሰመመን ሰጪ ስለነበርሁ ሳየው ገባኝ፤ አንጀታቸው ተጠምዝዟል። ጮኸን አስወጣናቸው። የተወሰዱበት ሆስፒታል ግን ያን ዕለት ሰመመን የሚሰጥ ሰው አልነበረውም። የሚያውቀኝ ቀዶ ሐኪም "የታሰረውን አምጡልኝ" ብሎ ላከ። እዚያ ስደርስ ካቴናዬ ተፈታ፤ የጥበቃ ኃላፊው፣ ጎልማሳ የመራዊ ሰው፣ ጋውን ለብሶ አጠገቤ ቆመ።

መጀመሪያ የደረቀ ሰውነታቸውን በፈሳሽ አራስሁት። የጠቆረው አንጀት ተቆርጦ ጫፍና ጫፉ መሰፋት ሲጀምር ጠብታውን ቀነስሁ። ያኔ የደም ግፊታቸው ወረደ።

"ኧረ ግሉኮሱን ልቀቀው! ሊሞቱብን ነው!" አለ ኃላፊው።

በእኛ አገር ግሉኮስ እንደ ጠበል ነው፤ በበዛ ቁጥር የሚያድን ይመስለናል። ሲበዛ ግን አንጀቱ ያብጣል፣ ስፌቱም ሊለቅ ይችላል፤ ሲያንስ ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል። እውነቱን ለመናገር የእኔም እጅ ወደ መክፈቻው ሄዶ ነበር። ፈራሁ። ቢሞቱ ሆን ብሎ ገደላቸው መባሌ አይቀርም፤ ከዚያ በላይ ግን ሽማግሌውን እወዳቸው ነበር። ትንሽ ጨመርሁ፣ ግፊቱን እንዲያነሣ የደም ሥር የሚያጠብብ መድኃኒት ሰጠሁ፣ ከዚያ ኩላሊታቸው መሥራቱን በሚነግረኝ የሽንት መያዣ ላይ ዓይኔን ተከልሁ። ኃላፊውም እንደኔው።

"እሰይ! ሐጂ ሸኑ!" ብሎ ሲጮኽ ነርሷ ሳቀች።

ቀዶ ጥገናው አለቀ። ኃላፊው ካቴናውን ከኪሱ አወጣ።

"ሐጂ ሲነቁ የሚያውቁትን ፊት ይዩ፤ ከዚያ ይወስዱኛል" አልሁት።

ካቴናውን እንደያዘ ቆመ። ሐጂ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው እጄን አዩ።

"ተፈታህ ልጄ?"

"ተፈታሁ ሐጂ።"

ኃላፊው ካቴናውን ድምፅ ሳያሰማ ወደ ኪሱ መለሰው፤ እንቅልፍ እስኪወስዳቸውም ጠበቀ።

እኔም ሐጂም ከእስር ከወጣን ቆየን። ወረታ ሱቃቸው ጎራ ባልሁ ቁጥር "ያኔ ዋሽተኸኛል" እያሉ ያሾፉብኛል። እኔ ግን አልዋሸሁም ባይ ነኝ። ራስጌያቸው ቆሜ ጠብታቸውን ስጠብቅ መታሰሬን ጨርሶ ረስቼው ነበር።