ወይንሀረግ የጀመረችው ዳንቴል

ጌጃ ሰፈር ውስጥ ጋሽ ኢዶሳን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ሱሪ አሰፍቶ የማያውቅ ሰው ነው። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ያውም ነጭናጫ ልብስ ሰፊ። ሱሪውን ጨርሰው፣ ተኩሰው፣ ባለቤቱ ሊወስድ እጁን ዘርግቶ ሳለ አንዲት የጠመመች ስፌት ካዩ ቁጭ ብለው ይፈቱታል። «ጠማማ ነገር ከእጄ አይወጣም!» ሰውየው ሠርግ እንዳለበት ቢለምናቸው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብለው ይመልሱታል። እሱም በአሮጌ ሱሪው ወደ ሠርጉ ይሄዳል።

በ1976 ዓ.ም. በራቸውን ዘግተው ዳንቴል መሥራት የጀመሩት እንግዲህ እኚህ ሰው ናቸው።

ሚስታቸው ወይንሀረግ ለአንድ ልጃቸው ለደሚቱ ሠርግ ብላ የጠረጴዛ ልብስ ጀምራ ነበር፤ ከመሐል ተነስቶ ዙር በዙር እየሰፋ የሚሄድ ነጭ ዳንቴል። ክረምቱን ሙሉ ታማ፣ አልጋ ላይ ተደግፋ ስትሠራው ከረመች። ለመስቀል ሁለት ቀን ሲቀረው ኪሮሿን ክሩ ላይ እንደሰካች አረፈች። ጋሽ ኢዶሳ አለቀሱ፤ አልቅሰው ሲያበቁ ደግሞ ተናደዱ። ቤተ ክርስቲያን ሲባል፣ ልቅሶ ሲባል፣ «ነጠላዬን ልፈልግ» እያለች ሠላሳ ዓመት ሙሉ በር ላይ ስታቆማቸው የኖረች ሴት፣ ለሞት ሲሆን ግን ጥላቸው ሄደች። ምን አስቸኮላት?

ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል፤ ሟቿ ራሷ «በእኔ ምክንያት እንዳታራዝሙት» ብላ አደራ ብላለች። የእድር ሴቶች ዳንቴሉን እኛ እንጨርሰው ብለው ሲመጡ ጋሽ ኢዶሳ አሻፈረኝ አሉ። ደሚቱ ጠረጴዛ ላይ የሚዘረጋው የእናቷ እጅ ሥራ ነው፣ የእድር አይደለም። የጎደለውን የሚሞላ ካለ አባቷ ነው። አርባ ዓመት መርፌ የያዘ ሰው ይህቺ ጫፏ የተቆለመመ ብረት ታቅተዋለች?

አቃተቻቸው። ክሩ ጣታቸው ላይ ይተበተባል፣ ኪሮሿ ትሾልካለች፣ አንድ ዙር በሄዱ ቁጥር ጠርዙ እንደ ደረቀ ቆዳ ይጨማደዳል። ይፈቱታል። ይሠሩታል፤ ደግሞ ይፈቱታል። ዳንቴል ሲፈታ ደግሞ እንደ ሱሪ ስፌት አያስቸግርም፤ ጫፉን ይዘው ከሳቡት እየተተረተረ ይመጣል። በኅብረት ሱቅ ያለው ክር ቀይ ብቻ ስለሆነ የፈቱትን ነጭ ክር መልሰው እየጠቀለሉ ይጀምራሉ።

ወንድ ልጅ ዳንቴል ሲሠራ እንዳይታይ ብለው ነበር በራቸውን በቀን የዘጉት። በዚያ ዘመን ደግሞ በቀን የተዘጋ በር ያስጠይቃል። የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ሚደቅሳ ሁለት ቀን ታዝቦ በሦስተኛው መሣሪያውን አንግቶ አንኳኳ።

«ጓድ ኢዶሳ፣ ይህ በር በቀን ለምንድነው የሚዘጋው? ውስጥ እነማን አሉ?»

«እኔና ክር አለን።»

«የእሑዱ ስብሰባ ላይም አልተገኙም።»

ገባ። አልጋ ሥር አየ፤ ቁም ሳጥኑን ከፈተ። ያገኘው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠውን ዳንቴል ብቻ ነው። ዳንቴሉን አየ፤ ሽማግሌውን አየ።

«ማነው ይህን የሚሠራው?»

«ኢምፔሪያሊዝም!» አሉ ጋሽ ኢዶሳ። ትዕግሥታቸው ካለቀ ሳምንት አልፎታል።

ሚደቅሳ ሊቆጣ አፉን ከፍቶ ሳቁ ቀደመው። በማግስቱ ወሬው ተክለ ሃይማኖት ደርሶ ተመለሰ። ከዚህ በኋላ በር መዝጋት ምን ያደርጋል? ከፈቱት፤ ከፈቱትና ጎረቤታቸው ዘኪያ ገባች። ዘኪያ ከወይንሀረግ ጋር አንድ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ዳንቴል ስትሠራ የኖረች የወሎ ሴት ናት።

«ጋሽ ኢዶሳ፣ ከታወቀ አይቀር ላሳይዎት» አለችና ሥራውን ተቀብላ ጭኗ ላይ ዘረጋችው። ዙሩን በጣቷ ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች።

«የርስዎ የትኛው ነው?»

«የእኔማ ምን ተርፎ! ሁሉንም ፈትቼዋለሁ። ትናንትናማ በንዴት ቀጥ ያለው እስኪገኝ ድረስ ሳብኩት። እንደዚያ ያለ አስቀያሚ ሥራ በዕድሜዬ አላየሁም።»

ዘኪያ ለሦስተኛ ጊዜ ቆጠረች።

«ምነው?»

«ወይንዬ ሃያ ሁለት ዙር አድርሳ ነበር። ልታርፍ ሰሞን አብረን ቆጥረነዋል። አሁን ያለው አሥራ ስምንት ነው።»

«አራቱስ የት ሄደ?»

«እጇ አብጦ ነበር እኮ፣ ጋሽ ኢዶሳ። ኪሮሿን መጨበጥ አቅቷት ነበር። የመጨረሻዎቹ ዙሮች ጠመውባት፣ ‹ኢዶሳ ካየው ይፈታብኛል› እያለች ትስቅ ነበር።»

ጋሽ ኢዶሳ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የክር ጥቅል አነሱት። የእሷም የእሳቸውም ክር አንድ ላይ ተጠቅልሎ ነጭ ኳስ ሆኗል። ዞር ዞር አድርገው አዩት፤ የቱ በእሷ እጅ እንዳለፈ የሚለይበት ምንም ነገር የለውም። በቀብሯ ቀን በሰው ፊት የያዙት እንባ ሁሉ ያኔ ወጣ።

«ይህን እጄን በቆረጠው!» አሉ።

«ይልቅ ይሥሩበት» አለች ዘኪያ። እሷም እንባዋን እየጠረገች ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ዘኪያ አጠገባቸው እየተቀመጠች አሳየቻቸው፤ እሳቸውም ሠሩ። ጠመመባቸው። እያዩት ያንገበግባቸዋል፤ ጫፉን ሊስቡ እጃቸውን ይሰዱና ይመልሱታል። አራት ዙር ሠርተው ክሩ ሲያልቅ ቋጩት።

ደሚቱ ከምታስተምርበት ከወሊሶ የመጣችው ሠርጓ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ዳንቴሉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በመዳፏ አለሳለሰችው። መዳፏ ከመሐሉ ተነስቶ ጠርዙ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«አባዬ» አለች፣ ጠማማዎቹን አራት ዙሮች እየዳሰሰች፤ «እነዚህን ታማ የሠራቻቸው ናቸው አይደል? እጇ ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል።» ጎንበስ ብላ ሳመችው።

ጋሽ ኢዶሳ፣ ቄስ ሲቀድስ ተሳሳተ ብለው ከኋላ የሚያርሙት ሰው፣ አፋቸውን ከፈቱ። ልጃቸው ፊቷን ከዳንቴሉ ላይ አላነሳችም።

«አዎ» አሉ። «የእሷ ናቸው።»