ሁለተኛው ክር

በዚያ ቀን በክፍሉ ውስጥ አባትየው ነበሩ፤ ዑዳቸውን፣ የዓረቦቹን ባለ ክር መሣሪያ፣ በጭናቸው ላይ አጋድመው ከመስኮቱ ራቅ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እናትየው ነበሩ፤ ኩሽናውንና ሳሎኑን በሚለየው በር ተደግፈው ቆመዋል። ልጃቸው ነበረ፤ ጊታሩን አቅፎ። የልጁ መምህርም ነበሩ፤ ከደቡብ ስፔን የመጡ፣ ከመናገር ማዳመጥ የሚቀናቸው ሽማግሌ። አምስተኛው እኔ ነበርኩ። ያኔ ወጣት ነበርኩ፤ እዚሁ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የድምፅን ፊዚክስ አጠና ነበር።

ይህን ትዝታ የቀሰቀሰብኝ የጆሮ ምርመራ ነው። በቅርቡ ዳውንታውን አጠገብ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ሄጄ፣ ግድግዳው በስፖንጅ የተሸፈነ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀመጡኝ። ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ጫኑልኝና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ቁልፍ እንድጫን ነገሩኝ። ቀጫጭን ድምፆች ከሩቅ እየመጡ ይጠፋሉ። ከመካከላቸው አንዱ ጆሮዬ ከጠበቀው ቦታ ጥቂት ዝቅ ብሎ መጣ፤ ቁልፉን መጫን ረሳሁ። ባለሙያዋ በመስታወቱ በኩል ቀና ብላ አየችኝ። አልሰማም ብላ መዝግባ ይሆናል። እኔ ግን ከሌሎቹ ሁሉ አብልጬ የሰማሁት እሱን ነበር።

አባትየው በትውልድ የመናዊ ቢሆኑም ያደጉት ድሬዳዋ ነው። አባታቸው እዚያ የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው፤ ሱቁ ሲዘጋ ከጓሮ ወንበር አውጥተው ዑድ ይጫወቱ ነበር። እሳቸውም በልጅነታቸው አጠገባቸው እየተቀመጡ ተማሩ። ከአባታቸው የወረሱት አንድ ዜማ ነበር፤ ስም የለውም፣ ግጥምም የለውም። ወንድሞቻቸው ያውቁት ነበር፤ ወንድሞቻቸው ደግሞ አልፈዋል። ኮሎምበስ ሲደርሱ ዳውንታውን ውስጥ ባለ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ትኬት የሚቆርጡበት ሥራ አገኙ። እኔም ከትምህርት ስመለስ ትኬት ወደሚቆርጡባት የመስታወት ጎጆ ጎራ እያልኩ፣ በአንድ መኪናና በሌላው መካከል ያንን ዜማ ሲያንጎራጉሩ እሰማቸው ነበር። የቤንዚን ጭስና የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ ዛሬም ከዜማው ጋር ተጣብቆ ይመጣብኛል።

በዜማው ውስጥ አንድ እንግዳ ድምፅ ነበረ። ፒያኖ ላይ ብትፈልጉት አታገኙትም፤ በሁለት ቁልፎች መካከል ነው ያለው። እኔን የሳበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ዜማው ሽቅብ ሲወጣ ይህ ድምፅ የሚያርፍበት ቦታና ቁልቁል ሲወርድ የሚያርፍበት ቦታ አንድ አልነበረም፤ ሲወርድ በጣም በትንሹ ዝቅ ይላል። መጀመሪያ የጆሮዬ ስሕተት መሰለኝ። ደጋግሜ ካዳመጥኩ በኋላ ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ ሲወርድ ለምን ዝቅ ይላል?»

«አንተ ዶክተር» አሉኝ። ዶክተር አልነበርኩም፤ ሊያሾፉብኝ ሲፈልጉ ነው እንዲህ የሚሉኝ። «ገበያ የሚሄድ ሰው አይተህ አታውቅም? ሲሄድ ቀና ብሎ ነው። ሲመለስስ? ያው ሰውዬ ነው፣ ግን ደክሞታል። አንገቱን እንደ ጠዋቱ ይዞ ይምጣ ትላለህ?»

መኪና መጣና ትኬት ሊቆርጡ ዞሩ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አልተነጋገርንም።

ልጁ ዑድ አልፈለገም። ያደገው እዚህ ነው፤ አማርኛ የሚናገረው ከእንግሊዝኛ ጋር እያላቆጠ ነበር። ለአንድ የጭፈራ ክፍል ጊታር ይመቱ ከነበሩት ከእኚያ ስፔናዊ ሽማግሌ ዘንድ ፍላሜንኮ የሚባለውን የአገራቸውን ሙዚቃ መማር ጀመረና ጥፍሩ እስኪሰነጠቅ ሙጭጭ አለበት። አባትየው መጀመሪያ ቅር ብሏቸው ነበር። አንድ እሑድ ግን ከጎረቤት ክፍል እያዳመጡ ሳለ ብድግ ብለው ዑዳቸውን አወጡ። ልጁ ይጫወተው የነበረውን ስልት ከአባታቸው ዜማዎች በአንዱ ያውቁት ነበር፤ ድምፆቹ ተራ በተራ ይገጥማሉ። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ አብረው መጫወት ጀመሩ። የዑዱ ድምፅ ክብና ጥቁር ነበር፤ የጊታሩ ደግሞ ደረቅና ብሩህ፣ እንደሚሰበር እንጨት። አንዱ ሲረዝም ሌላው እየቆረጠ፣ አንዱ ሲጠይቅ ሌላው እየተጣደፈ ሲመልስ፣ ባሕር ተሻግረው የተለያዩ ዘመዳሞች ተገናኝተው የሚያወሩ ይመስል ነበር። እኔ ጥግ ይዤ እየተቀመጥኩ፣ ይህ ዝምድና የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ለማወቅ ጆሮዬን አቆም ነበር።

የሚያልቅበትን ያገኘነው በዚያ ቀን ነው። ልጁ ከመምህሩ ጋር ወደ ስፔን ሊሄድ ነበር፤ እዚያ ሊቀር፣ ሙያውንም እዚያ ሊያደርግ። ከመሄዱ በፊት ያንን ስም የለሽ ዜማ ይዞ መሄድ ፈለገ። አባትየው በእድሜም በጤናም እየደከሙ ነበር፤ ዜማውን ከእሳቸው ሌላ የሚያውቀው ሰው አልነበረም። ልጁ ካልያዘው ከእሳቸው ጋር ያበቃል። ይህንን በክፍሉ ውስጥ ያለን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

የነሐሴ ሙቀት ነበር። ቤቱ ኖርዝላንድ በሚባለው ሰፈር ካሉት ዝቅተኛ አፓርታማዎች በአንዱ ነው፤ ከውጭ የታጨደ ሣር፣ ከኩሽና የአብሽ ሽታ ይመጣል። ማራገቢያው እየጮኸ ድምፁን ስላበላሸባቸው እናትየው ነቀሉት። ሁላችንም በላብ ተዘፈቅን። ዜማው ተጀመረ፤ ወዲያውም ያ ድምፅ ላይ ሲደርሱ ልጁ ቆመ። ዑድ አንገቱ ለስላሳ ነው፤ ጣት የፈለገው ቦታ ላይ ያርፋል። የጊታር አንገት ግን በብረት መስመሮች የተከፋፈለ ነው፤ በሁለት ብረቶች መካከል ላለ ድምፅ ቦታ የለውም።

«ባባ፣ ሊስን። ወይ ይሄ ነው፣ ወይ ያኛው ነው» አለ ልጁ ሁለቱን እያሰማ። «መሀል ላይ ምንም የለም።»

«መሀል የሌለው ያንተ እንጨት ነው» አሉ አባትየው።

«ኦኬ፣ ይሄኛውን ላድርገውና እንቀጥል። ኖባዲ ልዩነቱን አይሰማም።»

«እኔ እሰማለሁ።»

«አንተ እዚያ አትኖርማ።»

አባትየው መምቻቸውን ወንበሩ ክንድ ላይ አስቀመጡ። «እንግዲያው ተወው» አሉ። «ያለ እሱ የምትወስደው ከሆነ እኔ ዘንድ ይቅር።»

መምህሩ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ እነሱም ዘንድ ዘፋኙ እንዲህ ያሉትን ድምፆች እንደሚነካና ጊታር መቺው በዚያን ጊዜ እጁን አንሥቶ እንደሚጠብቀው ተናገሩ። አባትየው ራሳቸውን ነቀነቁ። የሚዘፍን ሰው የለማ።

እኔ ሳላስበው ተናገርኩ። በልጅነቴ ክራር ሞክሬ ነበር፤ ብዙ አልዘለቅሁበትም፣ ግን አንድ ነገር በእጄ ቀርቷል። ክራር ላይ ድምፅ በአንገት ላይ አይፈለግም፤ አንገትም የለው። እያንዳንዱ ድምፅ የራሱ ክር አለው፤ ዜማው ሌላ ሲሆን ክሩ ይላላል ወይም ይጠብቃል፣ አዲስ ቅኝት ይሆናል። «ለምን አንዱን ክር አላልተህ ለዚያ ድምፅ ብቻ አትተወውም?» አልኩት። «ጣትህን ሳታሳርፍበት፣ ባዶውን ምታው።»

ልጁ ከታች ሁለተኛውን ክር ነካ። «ይሄን? ከላላ ዜን ሌላ ምንም ልጫወትበት አልችልም። ሁሉም ኖታ ይበላሻል። ለአንድ ኖታ አንድ ሙሉ ክር ልጣ?»

«አምስት ይቀርህ የለ» አሉ እናትየው ከበሩ። «ጣትህስ ከአምስት ይበልጣል?»

መምህሩ ሳቁ። ልጁም ሳያስበው ሳቀ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ መቃኛውን ያዘ። አባትየው መምቻቸውን አንሥተው ያቺን አንዲት ድምፅ ደጋግመው መቱ። «ውረድ… አሁንም… አቦ፣ ቀስ በል፣ አለፍካት። ተመለስ። እዚያው። እዚያው አቁመው።» ሁለቱ ድምፆች አንድ ሲሆኑ በደረቴ ውስጥ ተሰማኝ፤ የእንጨቱ ወንበርም የሰማ መሰለኝ።

ከመጀመሪያው ጀመሩ። ዜማው ወጣ፤ ልጁ ሁለተኛውን ክር ባዶውን መታ፤ ገጠመ። እናትየው እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ዜማው መውረድ ጀመረ፤ ያ ድምፅ ላይ ሲደርሱ ሁለቱ መሣሪያዎች ተፋጩ፣ አየሩ ለቅጽበት ተንቀጠቀጠ። የላላው ክር መቃኛው ባቆመው ከፍታ ላይ ነበር፤ የአባትየው ጣት ግን እንደ ወትሮው ዝቅ ብሏል።

ልጁ እጁን አነሣ። «ምንድን ነው? ምን አጠፋሁ?»

እኔ ምክንያቱን አውቅ ነበር፤ አፌም ሊከፈት ነበር። አባትየው ጊታሩን ተመለከቱ፤ ከክሮቹ መካከል ልጁ የተወላቸውን ያንን አንዱን ክር ረዘም አድርገው ተመለከቱ።

«ምንም አላጠፋህም» አሉ። «ድገመው።»

ደገሙት። እኔ የተቀመጥኩት በግራ እጃቸው በኩል ስለነበር ጣቶቻቸውን አያለሁ። ዜማው ሲወርድ፣ ያ ጣት ወደ ለመደው ቦታ ሄደና፣ ሊያርፍ ሲል የጸጉር ያህል ወደ ላይ ሸሸ፤ የልጁ ክር ያለበት ቦታ ላይም አረፈ። ምንም ፍጭት አልነበረም። ዜማው ጠርቶ እስከ መጨረሻው ወረደ። መምህሩ ዐይናቸውን ጨፍነው ነበር፤ እናትየው ያለቅሳሉ፤ ልጁ ፊቱ ሁሉ በርቷል።

«ባባ፣ እሱ ነው?»

«እሱ ነው።»

ከዚያ ወደ እኔ ቀና አሉ። አፌን ዘጋሁ።

ወደ አውቶቡስ ፌርማታው የሸኙኝ እሳቸው ናቸው። ሞርስ ሮድ ላይ መኪኖች ያልፋሉ፤ አስፋልቱ የቀኑን ሙቀት ገና አልለቀቀም። እጃቸውን ከኋላቸው አጣምረው ተራመዱ።

«ሰምተሃል አይደል» አሉኝ።

«ሰምቻለሁ።»

«እንግዲህ የሰማኸው አንተ ዘንድ ይቅር።» ጥቂት ሄደው ጨመሩ፦ «ልጁ አንድ ክር ሰጠኝ። እኔ ምኔን ልስጠው?»

ልጁ ሄደ። አባትየው ከዚያ በኋላ ሲጫወቱ ጥቂት ጊዜ ሰምቻቸዋለሁ፤ ያንን ዜማ ግን እንደ ድሮው ሲያወርዱት አልሰማሁም። ጣታቸው የልጁን ክር ልክ ለምዶ ቀረ። ብቻቸውን በመስታወቷ ጎጆ ውስጥ ሲሆኑ እንዴት ያንጎራጉሩት እንደነበር አላውቅም፤ ለመጠየቅም አልደፈርኩም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዐረፉ። መምህሩ በአገራቸው እንደሞቱ ሰማን። እኔ ሙያዬን ቀጠልኩ፤ ስለ ድምፅ ብዙ ጻፍኩ፤ ስለዚህ ድምፅ ግን አንድ ቃል አልጻፍኩም። አሁን በአማርኛ የምጽፈውም በምክንያት ነው፤ ልጁ አማርኛ ይናገራል እንጂ አያነብም።

ባለፈው የበረዶ ወራት እናትየው ተከተሉ። የመጨረሻ ዘመናቸውን የኖሩት ከኮሎምበስ ወጣ ብላ ባለችው በካናል ዊንቸስተር ነበር። ልጁ ለቀብሩ መጣ፤ ጸጉሩ ሸብቷል፣ ጣቶቹ የአባቱን መስለዋል። እንግዶች ሲወጡ ወደ ኋላ ክፍል ወሰደኝና ጊታሩን ከማኅደሩ አወጣ። ሁለተኛው ክር ዝቅ ብሎ የተቃኘ ነበር። ስፔን ውስጥ ከዓረብ ሙዚቀኞች ጋር ሲጫወት ሁልጊዜ እንዲህ እንደሚቃኘው፣ ተማሪዎቹም ከእሱ ተቀብለው እንዲሁ እንደሚያደርጉት፣ ለዚያ ክር ስም እንዳወጡለትና ስሙም «አባት» እንደሆነ ነገረኝ። ከዚያ ዜማውን ተጫወተው። በመስኮቱ የበረዶው ነጭ ብርሃን እጁ ላይ ወድቆ ነበር። ሽቅብ ሲወጣ ድምፁ ቦታው ላይ ነበር። ቁልቁል ሲወርድም እዚያው ነበር፤ ቀና እንዳለ።

«ጋሼ» አለኝ ሲጨርስ፤ ክሮቹን በመዳፉ ዝም እያሰኘ። «የባባ ኖታ ይሄ ነው አይደል? ዜር ኢዝ ኖባዲ ኤልስ፤ ካንተ ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም።»

«እሱ ነው» አልኩት።

በዚያ ቀን ከነበርነው ከአምስታችን ሁለት ቀርተናል። ዜማው ሲወጣ ሁለት ሆነን እንሰማዋለን፤ ሲወርድ ግን የድሮውን የምሰማ እኔ አንድ ነኝ።