ሆዷ የማይታየው ቺፕ

ትንንሾቹ የልጅ ልጆቼ ያዙኝ። «አባታችን ድሮ ስልክ ይጠግን ነበር አሉ፤ ለምን ተወው?» ይላሉ። ልጄ ሳይነግራቸው አለፈ፤ እኔ ቀረሁላቸው። ፊደል አልቆጠርኩም፤ እኔ አወራለሁ፣ ትልቋ ትጽፋለች፤ ከመንገድ ከወጣሁም ትመልሰኝ።

ባለቤቴ አናጺ ነበር። ዕድሜ ልኩን የጠጣው የጣውላ አቧራ ሳንባውን በላውና በመጨረሻ የሚተነፍሰው በማሽን ሆነ። ከአየሩ ኦክስጅን እየለየ በቀጭን ቱቦ አፍንጫው ውስጥ የሚነፋ ነው፤ የእህቱ ልጅ ከውጭ አገር የላከለት። ያን ጊዜ መብራት በፈረቃ ነበር። መብራት ሲጠፋ፣ በሐይቅ ዳሯ ከተማችን አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ትራስ ታቅፎ፣ ወደ ፊት ደፋ ብሎ ይጠብቃል። የዓሣ ሾርባ ደግ ነው ሲሉኝ አሞራ ገደል ወደሚባለው የሐይቁ ዓሣ ገበያ እየወረድኩ አመጣለሁ፤ ሁለት ማንኪያ ቀምሶ ይተወዋል። የወፈረችው ድመቷ ነበረች።

አንድ ቀን መብራቱ በኃይል መጣና ማሽኑ ጭስ ተፍቶ ዝም አለ። ልጄ መሃል ከተማ ስልክና ዲሽ የሚጠግንበት ሱቅ ነበረው። ማሽኑን ፈታና የተቃጠለችውን ቺፕ አሳየን፤ ከጥፍር አትበልጥም። ከሌላ ማሽን የተነቀለች አምሳያዋን ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ አስመጣ።

ችግሩ ሆዷ ነው አለን። እግሮቿ በዙሪያዋ ይታያሉ፤ ከሥሯ ግን ሌላ ብረት አለ። እሱም ቀልጦ በሚያጣብቀው የብየዳ እርሳስ ከተተከለችበት ሰሌዳ ጋር ካልተጣበቀ ሙቀቷ መውጫ ያጣና ትቃጠላለች። የብየዳው ካውያ ጫፍ ደግሞ ከሥሯ አይገባም።

ባለቤቴ ከትራሱ ቀና አለና «ሆዱን የሚደብቅ አበሻ ብቻ ይመስለኝ ነበር» አለ። በራሱ ቀልድ ስቆ ሳሉ ተነሣበት።

«አባዬ፣ አይናገሩ።»

«ዝም ካልኩማ ሞተ ትላላችሁ።»

ልጄ የልብስ ካውያዬን ገልብጦ በሁለት ጡብ መሃል አቆመው፤ ሰሌዳውን ላዩ ላይ አስተኛው። ከታች ሲግል የሆዷ እርሳስ ይቀልጣል። ከቀለጠ፣ በወረንጦ ነካ ሲያደርጓት ሸርተት ብላ ራሷ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች፤ ምልክቱ ይኸው ነው። ሰሌዳው ግን ውስጡ መዳብ ስለሆነ ሙቀቱን ይጠጣዋል። ጠበቅን። ፈረቃችን ሊያልቅ ነበር። ጭሱ ቀጠን ብሎ ሲነሣ ልጄ በወረንጦው ነካት፤ ያኔውኑ መብራት ጠፋ። ቤቱ ጨለመብን።

«ተመለሰች?» አልኩት።

«የተመለሰች መሰለኝ፣ እማዬ።»

«መሰለኝ ነው?»

«ሆዷ አይታይማ።»

ሌሊት ላይ መብራት ሲመጣ እንደገና ሊያሞቃት ፈለገ። የአባቱ ከንፈር ግን ጠቁሮ ነበር። «በያዘው ይያዝ፤ ማሽኔን ስጠኝ» አለው። ልጄ የቀሩትን እግሮች ቶሎ ቶሎ በየዳቸውና ማሽኑ ተነሣ።

ሰነበተም። ባለቤቴ ሾርባውን መጨረስ ጀምሮ ነበር። ከዚያ በጠራራ ፀሐይ ማሽኑ ጮኸና ቆመ። በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ስንሮጥ፣ እጄ ውስጥ ያለው እጁ መንገድ ላይ ከበደኝ።

ከለቅሶው በኋላ ልጄ ሱቁን ዘጋ። «ሆዷ አልያዘም ነበር፤ አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ» አለኝ አንዴ። ከዚያ ወዲያ አላነሳውም። ባጃጅ ይነዳ ጀመር። እቤት አምፖል ቢቃጠል እንኳ የሚቀይረው ሌላ ሰው ነበር። እኔ ምን አውቄ ላጽናናው? እግዜር የወሰነው ነው እለዋለሁ፤ እሺ ይለኛል። እሺ እንዳለኝ፣ እሱም በጊዜው ታሞ ሄደ።

ማሽኑ አልጋ ሥር ቀርቶ ነበር። አባቷን ከቀበርን ከዓመታት በኋላ፣ ይህችው የምትጽፍልኝ ትልቋ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገባች። ቺፗን ለመለማመጃ ልትነቅላት ሰሌዳውን አሞቀችው፤ አልነቀል አለቻት። በስንት መከራ ስትነሣላት ገልብጣ አሳየችኝ። ሆዷ ከዳር እስከ ዳር እርሳስ ለብሶ ያበራል፤ የልጄ ብየዳ ይዞ ነበር። ስትፈታው እንዳየችው፣ ማሽኑን ያቆመው አቧራ አንቆ የያዘው የማቀዝቀዣ ማራገቢያው ነበር።